ምስሉ እንጅባራ፣ ድምፁ ዳንግላ

የጋሽ ዘለቀን መሞት ያነበብኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ሰሌዳ ላይ። በስተቀኝ የተለጠፈው ማስታወቂያ ከማዕከላዊው የአይሲቲ ዳይሬክቶሬት የወጣ ሲሆን «የማዕከላችን የረጅም ጊዜ ባልደረባ» ይላቸዋል። ከእሱ አንድ ክንድ ያህል ወረድ ብሎ የሚድዋይፈሪ ትምህርት ክፍል ያወጣው አለ፤ እሱ ደግሞ «የክፍላችን ምሰሶ» ይላቸዋል። ሁለቱም ማኅተም አርፎባቸዋል። ማኅተም የሌለው ሐዘን እኛ ዘንድ ሐዘን ተብሎ አይመዘገብም።

ቆሜ ሳነብ ሳቄ መጣብኝ፤ አጠገቤ የነበረች የጽዳት ሠራተኛ በነገር ዓይን አየችኝ። ምን ላድርግ? ጋሽ ዘለቀ በሕይወት ሳሉ ማዕከሉ «የክፍሉ ሠራተኛ ናቸው» ይል ነበር፣ ክፍሉ ደግሞ «ሥራቸው የማዕከሉ ነው» ይል ነበር፤ በዚህ ምክንያት ለሦስት ዓመት ያህል የሚቀመጡበት ወንበር የሚፈርምላቸው አልተገኘም። የሞተ ሰው ወንበር አይጠይቅም። ሁለቱም በአንድ ቀን የወደዷቸው ለዚህ ይመስለኛል።

ተቋሙን በስሙ አልጠራውም። እዚያ አሁንም የሚሠሩ ወዳጆች አሉኝ፣ ለነሱ ብዬ ነው፤ ተቋሙ ራሱ ሐሜት የሚሰማበት ጊዜ እንኳ የለውም፤ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ዋናው ግቢ እንጅባራ፣ የጤና ትምህርቱ ግቢ ዳንግላ ነበር። በመካከላቸው ያለው ከአርባ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ አስፋልትና አዲስ ቅዳም ነው። እኔ በሁለቱም ግቢ የጽሑፍ ክህሎት አስተምር ስለነበር መንገዱን ከሚኒባስ ረዳቶች እኩል አውቀዋለሁ።

ጋሽ ዘለቀ የዳንግላው ግቢ ቴክኒሻን ነበሩ። ከዚያ በፊት ገበያው አጠገብ በቆርቆሮ ሱቅ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ቻይና ሠራሽ ሞባይል መጥቶ የሬዲዮውን ገበያ ሲያጠፋው ተቋሙ ያወጣውን ማስታወቂያ አይተው ተወዳደሩ፤ የሚገርመው በችሎታ ተቀጠሩ። ይህ በመዝገብ ቤታችን የተገኘ ስህተት ነው፤ ሁለተኛ አልተደገመም።

ቁመታቸው አጠር ያለ፣ አንገታቸውን ሁልጊዜ ወደ ግራ ዘንበል የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ፕሮጀክተር ሲበላሽ እንደ ሌሎቹ ቴክኒሻኖች በመዳፋቸው አይመቱትም፤ ጆሯቸውን ለጥፈው ያዳምጡታል። ከዚያ ቀና ብለው «ማራገቢያው ደክሞታል» ወይም «ይሄ ታሞ ሳይሆን አኩርፎ ነው» ይላሉ። ወደ ሥራ የሚመጡት በጋሪ ነበር። ባጃጅ ላይ ለምን እንደማይወጡ ብጠይቃቸው «ፈረስ የሚያሰማው ድምፅ ትርጉም አለው፤ ባጃጅ ዝም ብሎ ይጮኻል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በስብሰባ ላይ አንዳንድ ኃላፊዎች ሲናገሩ ባጃጅ ትዝ ይለኛል።

አንድ አባባል ነበራቸው፦ «መጀመሪያ ሶኬቱን እዩት።» ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፣ ድምፅ ሲጠፋ፣ ውሃ ሲቋረጥ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ መልሳቸው ይኸው ነው። አንድ የፋርማኮሎጂ መምህር ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ አንድ ሳምንት እንዳልተነጋገሩ ሲያጫውታቸው እሱንም ያንኑ አሉት።

«ሚስቴ ሶኬት የላትም እኮ ጋሽ ዘለቀ» አላቸው እየሳቀ።

«እንግዲያው ደውልና ምሳ በልታ እንደሆነ ጠይቃት። ማንም ያላየው ቦታ ነው መጀመሪያ የሚታየው።»

መምህሩ ደወለ። ታረቁ። እኔ ግን የሰውየውን ትዳር ያዳነው ስልኩ ሳይሆን ምክሩ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ፤ የተማርኩ ሰው ስለነበርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በ2010 ዓ.ም. ግድም ተቋሙ የትምህርት ቪዲዮ ለመቅረጽ ወሰነ። ምክንያቱ ደህና ነበር፦ አንዳንድ ኮርስ የሚያስተምር ሐኪም በአካባቢው ስለማይገኝ ከሩቅ ይጋበዛል፤ በአሥር ቀን ውስጥ የአንድ ወሰነ ትምህርት ኮርስ አራግፎ ይሄዳል። ሲሄድ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ሲያስተምር ይቀረጽ ተባለ። ይቀረጽ! እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጣላም።

ችግሩ የመጣው ዕቃው ሲቆጠር ነው። ካሜራው በማዕከሉ ስም የተገዛ፣ እንጅባራ የተቀመጠ ነው። ማይክሮፎኑና የድምፅ መቅጃው ደግሞ አንድ በጎ አድራጊ ለሚድዋይፈሪ ክፍሉ የሰጠው ነው፤ ዳንግላ ነው። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። ዕቃ የሚሠራው በሚያውቀው ሰው ሳይሆን በፈረመው ሰው ነው። ከጠፋ ከፈራሚው ደመወዝ ይቆረጣል፤ ስለዚህ የፈረመ ሰው ዋና ሥራው ዕቃው እንዳይነካ መጠበቅ ነው። ካሜራው የተፈረመው በብርቱካን ስም ነበር፤ የማዕከሉ ካሜራ ባለሙያ፣ ቀልጣፋ፣ አፏ የማይያዝ ሴት። መቅጃው የተፈረመው በጋሽ ዘለቀ ስም ነው። ማዕከሉ መቅጃውንም ላስተዳድር አለ። ክፍሉ ካሜራውን ስጡኝ አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ።

የኮሚቴው ስም «የትምህርት ቪዲዮ ድጋፍ መጋራት ኮሚቴ» ነበር። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤ «አማርኛህ ጥሩ ነው» ተብዬ። ብዙ ጊዜ ተሰበሰብን። የማዕከሉ ዳይሬክተር «ምስል የሌለው ድምፅ ሬዲዮ ነው» ይላሉ፤ የክፍሉ ኃላፊ «ድምፅ የሌለው ምስል ደግሞ ፎቶ ነው» ይላሉ፤ ሁለቱም ትክክል ስለነበሩ መስማማት አልቻሉም። በመጨረሻ እኔ ብዕሬን አንስቼ ሰላም ያወረደውን ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «የምስል ሥራ የማዕከሉ፣ የድምፅ ሥራ የክፍሉ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ወገን በስሙ ያለውን ይዞ በሚያስፈልግበት ሥፍራ ተገኝቶ ድጋፍ ይሰጣል።» ተጨበጨበልኝ። ሚዛኑ ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ ምስሉና ድምፁ በአንድ ላይ ሲደረጉ የሚወጣው አዲስ ነገር በማን ስም ይመዝገብ? ረቂቁ ላይ «ሲዋሐዱ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ዲያቆን የሆኑ አንድ የኮሚቴው አባል ቃሉ ከበድ አለባቸውና «ሲገናኙ» ተባለ። ቃሉ ሲስተካከል የሻይ ሰዓት ደረሰ። ጥያቄው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። የሚቀጥለው ስብሰባ እስከ ዛሬ አልተጠራም።

ስለዚህ ሥራው እንዲህ ሆነ፦ ብርቱካን በሰርቪስ መኪና ካሜራዋን ይዛ ከእንጅባራ ትመጣለች፤ ጋሽ ዘለቀ በጋሪ መቅጃቸውን ታቅፈው ይመጣሉ። አንዱ ክፍል ውስጥ፣ አንዱን መምህር፣ እሷ በሰነዱ መሠረት የካሜራዋን ድምፅ ዘግታ ሳትሰማ ትቀርጻለች፣ እሳቸው ሳያዩ ይቀዳሉ። ሲያልቅ ምስሉ እንጅባራ ይሄዳል፣ ድምፁ ዳንግላ ያድራል።

ጋሽ ዘለቀ ግን አንድ ቀን ሁለቱ እንደሚገናኙ እርግጠኛ ነበሩ። ስለዚህ ሐኪሙ ማስተማር ሊጀምር ሲል ሰሌዳው ፊት ይቆሙና አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ ጧ! እጃቸው የተገናኘበት ምስልና ጧ ያለበት ድምፅ በኋላ ሲገጣጠሙ ሌላው ሁሉ ይገጥማል ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቹ አልነገሯቸውም። የመጀመሪያው ቀን ጋሽ ዘለቀ ሲያጨበጭቡ ተማሪዎቹ ለእንግዳው ክብር መስሏቸው ተነስተው አብረው አጨበጨቡ። እንግዳው ሐኪም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«አንድ ጭብጨባ ነበር የፈለግሁት» አሉ ጋሽ ዘለቀ፤ «እናንተ ሰርግ አደረጋችሁት!»

«ተወው ጋሼ፣ ሙሽራው ደስ ብሎታል» አለች ብርቱካን ከካሜራው ጀርባ።

ከዚያ በኋላ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ጭብጨባ ሆነ። ሐኪሙ ወደ መጣበት ሲመለስ የዳንግላን ተማሪ ጨዋነት ለሰው ሁሉ እንዳወራ ሰምቻለሁ።

የኔነሽ የምትባለው ተማሪ ግን በዚያ ጭብጨባ ውስጥ አልነበረችም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ የአዲስ ቅዳም ልጅ ናት። ሐኪሙ ስለ ምጥ ሊያስተምር በመጣበት ሰሞን እሷ ምጥ ላይ ነበረች። በትምህርት ክፍሉ አስተያየት ይህ በቂ ምክንያት ነበር፤ መተዳደሪያ ደንቡ ግን ኮርሱን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ስለወደቀች ከአንድ ዕድል በላይ አይሰጣትም። ስለዚህ አንድ ድጋሚ ፈተና ተፈቀደላት። ካለፈች ትመረቃለች፤ ከወደቀች ትባረራለች። ሦስተኛ መንገድ አልነበረም። ሐኪሙ ሄዷል። ሌላ የሚያስተምራት ሰው የለም። የቀረው ስድስት ክፍለ ጊዜ የተቀረጸ ትምህርት ነው፤ እሱም ግማሹ እንጅባራ፣ ግማሹ ዳንግላ።

ልጅ አዝላ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሄደች። «ድምፁን አሁኑኑ ልንሰጥሽ እንችላለን፤ ምስሉን ግን ማዕከሉን ጠይቂ» አሏት። በሚኒባስ እንጅባራ ሄደች። ዳይሬክተሩ በአክብሮት አስቀምጠው አነጋገሯት፦ «ልጄ፣ የጠየቅሽው ቪዲዮ ነው። እኛ ዘንድ ያለው ድምፅ ስለሌለው ቪዲዮ ልንለው አንችልም። የሌለንን ነገር ደግሞ መስጠት አንችልም። ክፍልሽ በደብዳቤ ምስል ብሎ ይጠይቅ።» ክፍሉ ግን ደብዳቤ መጻፍ አልፈለገም፤ ምስሉን በደብዳቤ መጠየቅ ምስሉ የማዕከሉ ብቻ መሆኑን ማመን ይሆንበታል። በፍላሽ ልቅዳ ብትል የማዕከሉ ኮምፒውተር ያልተመዘገበ ፍላሽ አይቀበልም። ፈተናው ጥቂት ቀን ቀረው።

ይህን ሁሉ የነገረችው ለጋሽ ዘለቀ ነው፤ ያዳመጣት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ። ዓርብ ቀን ቢሮዬ መጡ፤ የኮሚቴውን ሰነድ ይዘዋል። ከእኔ በቀር እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው እሳቸው ይመስሉኛል።

«መምህር፣ ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሽ ዘለቀ።»

«‹እያንዳንዱ ወገን በስሙ ያለውን ይዞ በሚያስፈልግበት ሥፍራ ተገኝቶ።› ሥፍራው የት እንደሆነ አልተጻፈም።»

«እርስዎ የት ቢሆን ይላሉ?»

«አዲስ ቅዳም። ከእንጅባራም ከዳንግላም እኩል ነው፤ ማንም አይቀየምም። ቅዳሜ ና፣ የጻፍከው ሲሠራ እየው። ጸሐፊ የጻፈው ሲሠራ ስንት ጊዜ ያያል?»

ሄድኩ። የየኔነሽ እናት ወይዘሮ እናኑ ከሰል የሚነግዱ ሴት ናቸው፤ ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፣ ግቢው በከሰል ጆንያ ተሞልቷል። ስደርስ ብርቱካን ከእንጅባራ የማዕከሉን ላፕቶፕ ይዛ መጥታ ነበር። በስሟ የተፈረመ ነው፤ ለመስክ ሥራ ይዛው ልትወጣ ፈቃድ አላት። ጋሽ ዘለቀ መቅጃቸውን ከአንዲት አሮጌ ድምፅ ማጉያ ጋር እያገናኙ ነበር።

«ማጉያዋስ የማን ናት?» አልኳቸው፤ የጸሐፊነት አመሌ ተነስቶብኝ።

«የሞተ ቴፕ ናት። የኔው። በማንም ስም የለችም፤ ለዚህ ነው የምትሠራው።»

ላፕቶፑ በርጩማ ላይ፣ ማጉያዋ ከጎኑ ተቀመጠች። ምንም ነገር አልተቀዳም፣ ምንም ነገር አልተዋሐደም። እሷ ምስሉን ልታስነሳ፣ እሳቸው ድምፁን ሊያስነሱ፣ ጎን ለጎን። ምስሉ የማዕከሉ፣ ድምፁ የክፍሉ፤ ልክ እንደጻፍኩት።

«በል እንግዲህ ጋሼ፣ በሦስት» አለች ብርቱካን።

የመጀመሪያው ሙከራ አልገጠመም፤ ሐኪሙ አፉን ዘግቶ ቆሞ «እንደምን አደራችሁ» አለ። በሁለተኛው አፉ እየተንቀሳቀሰ ዝም አለ። ሦስተኛው ላይ ያ ሁሉ የተማሪ ጭብጨባ መጣና የቱ ጧ የጋሽ ዘለቀ እንደሆነ ጠፋ።

«ይኸው ሰርጋችሁ!» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

አራተኛው ላይ ገጠመ። የኔነሽ ልጇን እያጠባች፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። ሁለቱ መሣሪያዎች ግን እኩል አይሄዱም ነበር፤ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ድምፁ ቀደም ቀደም ይላል። ጋሽ ዘለቀ ጣታቸውን ማቆሚያው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከሐኪሙ ከንፈር ሳያነሱ፣ ሲቀድም ለቅጽበት ያቆሙታል፣ መልሰው ይለቁታል። እንዲህ እያሉ ሁለቱን ቀን፣ ስድስቱን ክፍለ ጊዜ ተቀመጡ። የቀረበላቸውን ምሳ በግራ እጃቸው መብላት ነውር ስለሆነባቸው፣ ቀኝ እጃቸው ደግሞ ሥራ ላይ ስለነበረ፣ ሳይበሉ ዋሉ። ብርቱካን ላጉርስህ ጋሼ ብትላቸው «አፌ እያኘከ ጆሮዬ አይሰማም» ብለው አባረሯት።

ወይዘሮ እናኑ ሰባት የወለዱ ሴት ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ የከበደ ነገር ሲመጣ ግን ጋሽ ዘለቀን በአዊኛ ይጠይቃሉ፣ እሳቸውም ከሐኪሙ ድምፅ ዝቅ ብለው ይመልሱላቸዋል። አንድ ቦታ ላይ ሴትየዋ አላስቻላቸውም።

«ይሄ ሰውዬ ወልዶ ያውቃል?» አሉ በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ።

«እማ፣ ዶክተር እኮ ነው» አለች የኔነሽ።

«እና በምን አወቀ?»

«አንብቦ ነው» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«የጻፈውስ ወልዷል?»

ብርቱካን ሳቋን ለማፈን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የኔነሽ ግን የእናቷን ጥያቄ ደብተሯ ዳር ላይ ስትጽፍ አይቻለሁ። እሁድ ከሰዓት መብራት ሄደ፤ የላፕቶፑ ባትሪ እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ እኩሌታ ደርሶ ጠፋ። መቅጃውና ማጉያዋ በባትሪ ድንጋይ ይሠሩ ስለነበር ድምፁ ቀጠለ። ብርቱካን ባዶውን ስክሪን እያየች «እንግዲህ ማዕከሉ አገልግሎቱን አቋርጧል» አለች።

«ክፍሉ ይቀጥላል» አሉ ጋሽ ዘለቀ፤ የደከመ ጣታቸውን እያፍታቱ።

የኔነሽ ሰኞ ተፈተነች። ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም አያውቅም ነበር። የኔነሽ ግን በደንብ ያደገች ልጅ ናት። ውጤት ሳይወጣ በፊት፣ ማመስገን በውጤት እንዳይመስልባት፣ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈች። ለማዕከሉም ለክፍሉም። «ሠራተኞቻችሁ አቶ ዘለቀና ወይዘሪት ብርቱካን በዕረፍት ቀናቸው እቤቴ ድረስ መጥተው ስላስተማሩኝ» ብላ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ዕቃውን ሳይቀር ዘርዝራ፣ ከግርጌው ደግሞ ግልባጭ ለዲኑ፣ ግልባጭ ለንብረት አስተዳደር። እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ የይፋዊ ደብዳቤ አጻጻፍ፣ ሁለተኛ ዓመት። ከትምህርቴ አንድ ተማሪ በሥራ ላይ ያዋለው እሱን ብቻ ነው።

ማዕከሉና ክፍሉ ከተመሠረቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፦ ሁለቱ ሠራተኞች በዲስፕሊን ይጠየቁ። ማዕከሉ በክፍሉ ድምፅ የታጀበ ምስሉ ያለፈቃድ መታየቱ አሳዘነው። ክፍሉ በማዕከሉ ምስል የተሸፈነ ድምፁ ያለ ደብዳቤ መሰማቱ አስቆጣው። ክሱ የጋራ ነበር። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ማኅተም ያየሁት ያኔ ነው።

እኔ የተጠራሁት እንደ ምስክር ነው። ሰብሳቢው ሰነዱን ከፊታቸው ዘርግተው ጠየቁኝ፦

«መምህር፣ ‹በሚያስፈልግበት ሥፍራ› የሚለው ከግቢ ውጪን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?»

ይጨምራል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስጽፈው የዳንግላንና የእንጅባራን ግቢ ብቻ እያሰብኩ ቢሆንም ቃሉ አይከለክልም፤ ከልካይ ቃል ካስፈለገ የት እንደሚገኝ አውቃለሁ። ዳይሬክተሩ በስተቀኝ ተቀምጠዋል፣ የክፍሉ ኃላፊ በስተግራ። የደረጃ ዕድገት ማመልከቻዬ በሁለቱም እጅ ያልፋል። ስለ ድፍረት ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ።

«ሰነዱ ግልጽ አይደለም» አልኩ።

ጋሽ ዘለቀ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው፣ ፕሮጀክተር እንደሚያዳምጡት አዳመጡኝ። ብርቱካን ግን «ኧረ በሰማዩ!» ብላ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰብሳቢው በመጨረሻ ጋሽ ዘለቀን የሚሉት ነገር እንዳለ ጠየቁ።

«አለኝ» አሉ። «ውጤት ወጣ?»

«የምን ውጤት?»

«የልጅቷ።»

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። የሚያውቅ አልነበረም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ምን ብሎ እንደጻፈ በኋላ አይቻለሁ፦ «ተከሳሹ ከአጀንዳው ውጪ የሆነ ጥያቄ አንስተዋል።»

ብርቱካን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ጋሽ ዘለቀ መቅጃውን ለሌላ ሰው አስረክበው ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። የተረከበው ሰው መቅጃውን ሣጥን ውስጥ ቆለፈው፤ እስከማውቀው ድረስ ከዚያ በኋላ አንድም ጥፋት አልተፈጸመበትም። ጆሮ ያላቸው ሰው ከተሰበረ ወንበርና ከቀለም ቆርቆሮ ጋር ተቀመጡ።

ውጤቱ የወጣው ከውሳኔው ሦስት ቀን በኋላ ነው። ሰሌዳው ላይ እንዳየሁ በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄድኩ። ለምን ሌላ ሰው እንዲነግራቸው እንዳልተውኩ ለራሴም አልገባኝም። በአንድ እግሩ በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ቁጥር እየጻፉ ነበር።

«አለፈች» አልኳቸው።

ብዕሩን አስቀመጡት። «ስንት?»

«ሲ ፕላስ።»

ከዚያ ጥርሳቸው ታየ። «ሲዋ የኔ ናት። ፕላሷን ለብርቱካን ንገርልኝ።»

ማዕከሉና ክፍሉ ያልቻሉትን ክፍፍል በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መውጣት ሲገባኝ «ለእኔስ?» አልኩ፤ ቀልድ ይሆናል ብዬ።

«አንተማ ግልጽ አይደለህም» አሉኝ። ሳይቆጡ ነው ያሉት፤ የተበላሸ ዕቃ ምን እንደነካው እንደሚናገሩት። ከዚያ ወደ ቁጥራቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ለዲስፕሊን ኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍኩ። ሰነዱን ያረቀቅሁት እኔ መሆኔን፣ ዐረፍተ ነገሩ ከግቢ ውጪን እንደሚጨምር፣ በምስክርነቴ ላይ የተናገርኩት ትክክል እንዳልነበረ፣ ሁለቱም ሠራተኞች ሰነዱን እንደ ቃሉ እንደፈጸሙ፤ ፊርማ፣ ቀን፣ ግልባጭ። በሕይወቴ እንደዚያ አጭር ነገር ጽፌ አላውቅም። መልሱ በሳምንቱ መጣ፦ «ደብዳቤዎ ከውሳኔ በኋላ የደረሰ በመሆኑ ከፋይሉ ጋር ተያይዟል።» የደረጃ ዕድገቴም ሳይታይ ቆየ፤ እሱን የምጠቅሰው ለቅሬታ ሳይሆን ኃላፊዎቼ ቢያንስ ማንበብ እንደሚችሉ ለመመስከር ነው።

የደብዳቤውን ግልባጭ ለጋሽ ዘለቀ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። አንድ ጊዜ ጨርሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ። ሁለተኛውን ሲጨርሱ ወረቀቱን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት አጠፉት፤ ኪሳቸው ሊከቱት ነው ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ አሉና በሚወዛወዘው የጠረጴዛው እግር ሥር ሸጎጡት።

«አሁን ግልጽ ነው» አሉ ቀና ብለው። ጠረጴዛውን በሁለት መዳፋቸው ጫን አድርገው ሞከሩት። አልተነቃነቀም።